እጩ ሆይ፣ ሒሳቡን አሳየን!

ባለፈው ሰሞን የማኅበራችን መሪዎች ምርጫ እጩዎች ንግግር ባደረጉበት ምሽት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እጩዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ስለ ተማሪው አንድነት፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ታሪክ አደራ ተናገሩ፤ እኛም እንደ ልማዳችን አጨበጨብን፣ አፏጨን፣ ጠረጴዛ ደበደብን። በጥያቄው ሰዓት አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከኋላ መደዳ ተነሥታ፣ «ሌሊት አንዲት ሴት ተማሪ ብትታመም ክሊኒኩ ዝግ ነው፤ ዘበኛ ለምኖ ታክሲ መፈለግ ነው ያለው። እናንተ ብትመረጡ ስለዚህ ነገር ምን ታደርጋላችሁ? ገንዘቡንስ ከየት ታመጡታላችሁ?» ብላ ጠየቀች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ቀልደኛ፣ «አዋላጅ ይቀጠርልሽ?» ብሎ ጮኸ። እጩውም ፈገግ ብሎ፣ «እኅታችን ያነሣችው ጥቃቅን ጉዳይ በአስተዳደሩ በኩል ይታያል» አለና ወደ ታላላቁ ጉዳይ ተመለሰ።

ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ በመጀመሪያ ያቺን ተማሪ ይቅርታ መጠየቅ እወዳለሁ። ነገር ግን ለይቅርታ ብቻ አይደለም የምጽፈው። ያን ምሽት የሳቅነው ሳቅ የእኛ የተማሪዎቹ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው የአገራችን የምርጫ ፖለቲካ ሳቅ መስሎ ስለ ታየኝ ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ በዚህ ጥያቄ ለመሳቅ እኔ የመጨረሻው ሰው መሆን ይገባኝ ነበር። እናቴ በአንዲት ትንሽ ከተማ የችርቻሮ ሱቅ አላት። ሱቅ ስል ከመኖሪያ ቤታችን ግድግዳ ተቀዶ የወጣ መስኮት ማለቴ ነው። በመደርደሪያው ላይ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ባትሪ፣ ደብተርና ሞዴስ ይገኛል። ሙሉ እሽግ ለመግዛት አቅም የሌላቸው የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ስላሉ እናቴ የሞዴሱን እሽግ ፈትታ በፍሬ ትሸጥላቸዋለች። እኔን አሳድጎ እዚህ ያደረሰኝ ያ መስኮት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር ታላቅ እኅቴን ከከተማው ርቆ በሚገኘው በባሏ ቀዬ ምጥ ያዛት። ሌሊት ነበር፤ ዝናብም ይዘንብ ነበር። ወደ አምቡላንሱ ሾፌር ስልክ ተደወለ። ሾፌሩም መኪናው እንዳለ፣ ነዳጅ ግን እንደ ሌለው፣ የአዲሱ ዓመት በጀት ገና ስላልተለቀቀ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸከማትና በጭቃው ውስጥ እስከ መኪና መንገድ ድረስ አደረሳት። እኅቴ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። በማግሥቱ እናቴ ወረቀቶቿን የምታስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፍታ በሐምሌ ግብር የከፈለችበትን ደረሰኝ አወጣች። ብዙ ጊዜ ስታየው ቆየችና፣ «ልጄ፣ ይህ ገንዘብ ለነዳጁ አይበቃም ነበር?» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ልጇ የምመልስላት አጣሁ።

ወንድሞችና እኅቶች! እስከ ዛሬ ካነበብኋቸው የፖለቲካ መጻሕፍት ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የተሻለ የምርጫ ጥያቄ አላገኘሁም። ከማን ተወሰደ? ለማን ተሰጠ? የተሰጠውስ ደረሰ ወይ? ፓርቲ የሚባለው ነገር ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከሌላው ፓርቲ የተለየ መልስ ከሌለው፣ በምን ምክንያት ሁለትና ሦስት ፓርቲ እንደሚያስፈልገን አይገባኝም።

እስቲ ወደ ኋላ እንመልከት። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዲኖራቸው አደረገ፤ በ1950 ዓ.ም. በተደረገውም የመጀመሪያው የእንደራሴዎች ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ፓርቲ አልነበረም፤ እጩ ለመሆንም ንብረት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ እጩው የሚቀርበው በስሙ፣ በዘመዱና በርስቱ እንጂ በአሳብ አልነበረም። ሕዝቡም ይህን ሰው አውቀዋለሁ ወይስ አላውቀውም ከማለት በቀር የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት ምርጫዎች ሁሉ ሕዝቡን በእርግጥ ያከራከረው የ1997ቱ ነው። እኛ ያን ጊዜ ወይ አልተወለድንም፣ ወይ በእናታችን ጀርባ ላይ ነበርን። ነገር ግን ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ ድረስ ይተርኩልናል። በቴሌቪዥን ስለ ተደረገው ክርክር፣ ስለ መሬት ባለቤትነት፣ ስለ አንቀጽ 39፣ ስለ አሰብ ወደብ ማን ምን እንደ ተናገረ በቃላቸው ያውቁታል። ደግ ነው፤ እነዚህ ጉዳዮች ከባድ ጉዳዮች ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ላስታውስ። አዲሱ የወንጀል ሕግ የጸናው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ ምርጫው የተደረገው ደግሞ ግንቦት 7 ቀን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ስድስት ቀን ብቻ ነው። ያ ሕግ በአንቀጽ 551 ስለ ፅንስ ማቋረጥ የቀድሞውን ሕግ አሻሽሎ፣ ተገድዳ ለተደፈረች ወይም ከቅርብ ዘመዷ ላረገዘች ሴት፣ እርግዝናው ሕይወቷን ወይም ጤናዋን አደጋ ላይ ለሚጥልባት፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ላለበት፣ እንዲሁም በዕድሜዋ ማነስ ወይም በአካልና በአእምሮ ጉድለት ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ለማትችለው በሕግ በር የከፈተ ሕግ ነው። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ስለ አሰብ ማን ምን እንዳለ ይነግሯችኋል። በዚያው ሳምንት ስለ ጸናው ስለዚህ ሕግ የትኛው ፓርቲ ምን እንዳለ ግን ስንቶቹ ያስታውሳሉ? እኔ የጠየቅኋቸው ሁሉ ዝም አሉኝ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጉዳይ፣ ወደ እናቶች ጤና ልግባ። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው በሕይወት በሚወለዱ በየ100,000 ሕፃናት 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች በ1992 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ከመቶ 26፣ በ2011 ደግሞ ከመቶ 48 ደረሱ። ይህ ለውጥ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ፣ ከየመንደሩ የተመለመሉ ወጣት ሴቶች ሠልጥነው ደመወዝ ስለ ተቆረጠላቸው፣ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ስለ ደረሰ፣ በጤና ጣቢያ መውለድም በነፃ ስለ ሆነ ነው። ያን ጊዜ የነበረውን መንግሥት የወደደም የጠላም ይህን መካድ የለበትም። እንዲህ ከሆነ ግን የእናት ሞት የዕድልና የእግዜር ቁጣ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በጀት ሲመደብለት የሚቀንስ፣ በጀቱ ሲጓደል የሚጨምር ነገር ነው። በጀት ደግሞ የሚጸድቀው እኛ በምንመርጣቸው እንደራሴዎች እጅ ነው።

ሐኪሞች እናትን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ። አንደኛው ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ እስኪወሰን መዘግየት ነው፤ ሁለተኛው ለመድረስ መዘግየት ነው፤ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን እስኪያገኙ መዘግየት ነው። የመጀመሪያውን የመንደሯ የጤና ሠራተኛ በምክር ታቃልለዋለች። ሁለተኛው ግን መንገድና ነዳጅ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ደም፣ መድኃኒት፣ መብራትና ቀዶ ጥገና የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ ነው። ምጥ ለቀናት የቆየባት ሴት ብትተርፍ እንኳ ፌስቱላ ይዟት ሽንቷ ሲፈስ ትኖራለች። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ሐኪም ቤት በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ሴቶችን አድኗል። ነገር ግን ያ ሐኪም ቤት የሚያክመው መንገድና አዋላጅ በጊዜ ያላገኙትን ነው።

ስለ አንቀጽ 551ም የራሴን አሳብ ሳልሸሽግ ልናገር። እኔ ሕጉ ባለበት እንዲቆይ እፈልጋለሁ። በሕጉ በር የምትገባው ልጃገረድ በሩ ቢዘጋ የምትሄደው ወደ ቤቷ ሳይሆን በድብቅ ወደሚሠራው ሰው ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት ይህን የማይቀበል ጓደኛ አለኝ፤ አንድ ዶርም ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ብዙ ሌሊት ተከራክረናል፤ አከብረዋለሁ። ሁለታችንም የተስማማንበት ነገር ቢኖር እጩው ከምርጫው በፊት የቆመበትን ስፍራ መናገር አለበት የሚለው ነው። ነገሩ አሳፋሪ ነው ብሎ ዝም የሚል እጩ ከተመረጠ በኋላ በዚያው ዝምታ ውስጥ የፈለገውን ሊያደርግ ይችላል። ይህ ደግሞ እኔንም ጓደኛዬንም አይጠቅምም።

ሁለተኛው ጉዳይ የትንሹ ነጋዴ ግብር ነው። ይህን ጉዳይ ብዙ ተማሪ አሰልቺ ነው ይለዋል፤ እኔ ግን በእርሱ ነው ያደግሁት። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ነጋዴዎች ደረጃ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ተብለው ተከፈሉ። ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነው ደረጃ «ሐ» ሆነ፤ መዝገብ መያዝም አልተገደደም። መዝገብ ከሌለ ታዲያ ግብሩ በምን ይታወቃል? በግምት ነው። ገማቾች ይመጣሉ፤ ሱቁን ያያሉ፤ ይጠይቃሉ፤ የቀን ገቢሽ ይህን ያህል ነው ይላሉ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምቱ እንደ ገና ሲሠራ ነጋዴው ጮኸ፤ በሐምሌ ወር በኦሮሚያ በሚገኙ በርካታ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። እናቴም በዚያ ክረምት ለአቤቱታ ስትመላለስ አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ መስኮቱን እጠብቅ ነበር። «ሰውዬው የገመተው የሰኞን ገበያ አይቶ ነው፤ ሰኞ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ነው» ትል ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሕጉ ተሻሽሎ ደረጃ «ሐ» ቀረ። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ነጋዴ በደረጃ «ለ» ተመድቦ ግብሩ ከሽያጩ ላይ በመቶኛ እንዲታሰብ ሆነ። የዚህ አሠራር ጥቅም አይካድም። ቀላል ነው፤ ስለ ትርፍና ወጪ ክርክር ይቀንሳል፤ ከገማቹ ጋር በጨለማ መደራደርም ይቀንሳል። ነገር ግን ጉዳቱንም እንመልከት። አንዲት ባለ ሱቅ በቀን 2,000 ብር ብትሸጥና በዓመት 300 ቀን ብትሠራ ሽያጯ 600,000 ብር ይሆናል። ስኳርና ዘይት ትርፉ ትንሽ ነው፤ ከመቶ 5 ብታተርፍ ትርፏ 30,000 ብር ነው። ለምሳሌ ያህል ከሽያጩ ላይ ከመቶ 3 ቢቆረጥ ግብሯ 18,000 ብር ይደርሳል። ከትርፏ ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው። በአንጻሩ ሽያጩ እኩል 600,000 ብር ሆኖ ከመቶ 40 የሚያተርፍ ሌላ ሰው ቢኖር፣ ትርፉ 240,000 ብር ሲሆን የሚከፍለው ያንኑ 18,000 ብር ነው። ሕጉ ሁለቱን በአንድ ዓይን አያቸው፤ አንድ ዓይን ግን ሁልጊዜ ፍትሕ ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ «እንግዲያው የትንሹ ነጋዴ ግብር ይቅርለት» ብሎ መጮህ ቀላል ነበር፤ ጭብጨባም ያስገኝ ነበር። እኔ ግን አልልም። እኅቴ የተሸከመችውን ሐዘን አስታውሳለሁና። በ2016 ዓ.ም. አገራችን የሰበሰበችው ግብር ከጠቅላላ ምርቷ ከመቶ 10 በታች ነበር። ከዚህ ላይ መምህሩም፣ ወታደሩም፣ መንገዱም፣ አዋላጇም ይካፈላሉ። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ «ለየወረዳው አምቡላንስ እንጨምራለን፤ የነጋዴውንም ግብር እንቀንሳለን» የሚል እጩ ሲመጣ ከማጨብጨባችን በፊት «ከየት?» እንበለው። ምናልባት መልስ ይኖረው ይሆናል። አንዱ ፓርቲ፣ «ከትንሹ ነጋዴ አልወስድም፤ ሰማይ ከሚነካው ፎቅና ከከተማ ቦታ ኪራይ እወስዳለሁ» ሊል ይችላል። ሌላው፣ «ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይክፈል፤ የተከፈለው ግን በዚያው ወረዳ ለጤና ይዋል» ሊል ይችላል። ሦስተኛው፣ «መጀመሪያ ነጋዴው ይስፋፋ፤ ግብሩ በኋላ ይመጣል፤ እስከዚያው ሐኪም ቤቱ ከሚችለው ያስከፍል» ሊል ይችላል። እነዚህ ሦስቱ እውነተኛ ልዩነቶች ናቸው። በእነዚህ ላይ ተጣልተን፣ ተከራክረን፣ ድምፃችንን ብንሰጥ ፓርቲ የሚባለው ነገር ሥራውን ሠራ ማለት ነው።

«እንዲህ ያለ ክርክር የፈረንጅ ነው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በአሜሪካ የሴቶች ሕክምናና የትናንሽ ንግዶች ግብር ሁለቱን ትላልቅ ፓርቲዎች ዘወትር የሚያጣሉ ጉዳዮች ናቸው። እኔ ግን የእነርሱን ጠብ እንድንቀዳ አልመክርም፤ እዚያም ብዙ ሰው አሳቡን የሚያገኘው ከፓርቲው እንጂ ከሒሳቡ አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ጠባቸው እኛ ቤት ድረስ መምጣቱ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1984 የሬጋን መንግሥት ስለ ፅንስ ማቋረጥ የሚያማክርም ሆነ አገልግሎቱን የሚሰጥ የውጭ አገር ድርጅት በራሱ ገንዘብ ቢያደርገው እንኳ የአሜሪካን የቤተሰብ ዕቅድ እርዳታ እንዳያገኝ ከለከለ። ክሊንተን በ1993 ሻሩት፤ ቡሽ በ2001 መለሱት፤ ኦባማ በ2009 ሻሩት፤ ትራምፕ በ2017 መለሱት፤ ባይደን በ2021 ሻሩት፤ ትራምፕ በ2025 እንደ ገና መለሱት። እንደ በር ነው፤ አንዱ ፓርቲ ሲገባ ይከፈታል፤ ሌላው ሲገባ ይዘጋል። በሩ ያለው ዋሽንግተን ነው፤ በበሩ ላይ የምትቆመው ግን የእኛ አገር ሴት ናት። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በድንገት ሲታገድ ደግሞ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ የእኛው ጤና ሚኒስቴር አዘዘ። በኦሃዮና በፔንሲልቫኒያ የተሰጠ ድምፅ በእኛ ጤና ጣቢያዎች ያሉትን ሠራተኞች ቤታቸው አስቀመጠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ጉዳዮች አንድ የሚሆኑት። የእናቶቻችንን ጤና በራሳችን ግብር ካልከፈልን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። የሚከፍለው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ የሚወስነውም ያ ሰው ነው። ስለ አገር ነፃነት በአዳራሽ የምንጮኸው ሁሉ ይህን ካላየ ባዶ ጩኸት ነው። በአንዲት ባለ ሱቅ ላይ ፍትሐዊ ግብር መጣልና ያንን ግብር ያለ ስርቆት ከአምቡላንሱ ታንከር ማድረስ ለእኔ የነፃነት ጥያቄ ነው። ግብሩ ፍትሐዊ ካልሆነ ነጋዴው ይደብቃል፤ ቢደብቅም እኔ አልፈርድበትም። ግብሩ ተከፍሎ አገልግሎቱ ካልመጣም ነጋዴው ይደብቃል፤ ያን ጊዜም የሚፈረድበት እርሱ ብቻ አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው ግን በዚህ መደባበቅ መካከል የምታልፈው ሴት ናት። በመስኮቱ ሞዴስ በፍሬ የምትገዛው ልጃገረድ በሞዴሱ ላይ በወደብም ሆነ በመንገድ የተከፈለው ሁሉ በዋጋው ውስጥ ገብቶ ይጠብቃታል፤ እርሷ ግን ግብር ከፋይ ተብላ ማንም አይጠራትም።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ «ጦርነት ባለበት አገር ስለ ግብርና ስለ አዋላጅ ማውራት ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ሰላም» የሚል ነው። ይህን የሚሉትን አልቃወምም። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በጦርነቱ ጊዜ የተዘረፉትንና የፈረሱትን ሐኪም ቤቶች ማን ይረሳል? ተኩስ ባለበት መንገድ አምቡላንስ አይሄድም። ነገር ግን ሰላም የሚመጣው ሰው ከመንግሥቱ አንዳች ነገር ሲጠብቅና ሲያገኝም ጭምር ነው። ግብር ከመክፈልና ወታደር ከማየት በቀር ከመንግሥት ጋር የማይገናኝ ገበሬ ስለ ሰላም ምን ያህል ይሟገትልናል? ደግሞም ምጥ ሰላም እስኪወርድ አይቆይም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «ጠይቀን ምን እናገኛለን? በ2002 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ሁሉንም ወሰዱ፤ በ2013ም ምርጫ ከተደረገባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን ያሸነፈው አንድ ፓርቲ ነው። አሸናፊው አስቀድሞ በታወቀበት ቦታ ጥያቄ ለምን ይደክማል?» ይላሉ። እኔም ይህን የምጽፈው ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ብዬ አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ እንበል። ምክር ቤቱ አንድ ዓይነት በሆነ መጠን ጥያቄው ከምክር ቤቱ ውጭ መነሣት ይኖርበታል፤ ካልሆነ ጭራሽ አይነሣም። ተቃዋሚው ፓርቲም ቢሆን እስከ ዛሬ ብዙ ጊዜ የጠየቅነው ማንን እንደሚጠላ እንጂ ምን እንደሚሠራ አይደለም። እርሱም የጠየቅነውን መለሰልን። ነገ ዕድል ቢያገኝና ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ በኪሱ የሚገኘው ጥላቻው ብቻ እንዳይሆን ዛሬ እናስጨንቀው። ገዢውንም ተቃዋሚውንም በአንድ ጥያቄ ብንይዝ «የማን ወገን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ኃይሉ ይቀንሳል።

ስለዚህ አሳቤን በሦስት ጥያቄ ልጠቅልል። የየትኛውም ፓርቲ እጩ ወደ ቀበሌያችን፣ ወደ ከተማችን ወይም ወደዚህ ግቢ ሲመጣ እንዲህ እንበለው፦

አንደኛ፣ በዚህ ወረዳ አንዲት ሴት ሌሊት ምጥ ቢይዛት በማን መኪና፣ በማን ነዳጅ፣ የት ትደርሳለች? ከደረሰችስ በኋላ ደምና ቀዶ ጥገና ታገኛለች ወይ? ይህን ለማድረግ በዓመት ምን ያህል ትመድባለህ?

ሁለተኛ፣ ከትንሹ ነጋዴ የምትወስደው ከሽያጩ ነው ወይስ ከትርፉ? ስንት? ከእርሱ ባትወስድ ከማን ትወስዳለህ? የዚያን ሰው ስም ለመጥራት ትደፍራለህ ወይ?

ሦስተኛ፣ ስለ አንቀጽ 551 የቆምህበት የት ነው? የውጭ እርዳታ ነገ ጠዋት ቢቆም የትኛውን የሴቶች አገልግሎት በአገር ገንዘብ ታስቀጥላለህ፣ የትኛውን ትዘጋለህ?

እነዚህን ለመጠየቅ የኢኮኖሚክስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ፤ በሒሳብም ጎበዝ ሆኜ አላውቅም። ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንበተን ከእያንዳንዳችን ጋር እነዚህ ጥያቄዎች ይሂዱ። በጠጅ ቤቱም፣ በዕድሩም፣ በእናቶቻችን የቡና ሥርዓት ላይም እናንሣቸው። እናቶቻችን ከእኛ የተሻለ መልስና ከእኛ የጠነከረ ጥያቄ እንዳላቸው እናያለን፤ ጠይቀናቸው ስለማናውቅ ነው እንጂ እነርሱ በየሐምሌው ይህን ሒሳብ ሲያሰሉ ኖረዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከራሳችን ግቢ እንጀምር። ያቺ ተማሪ ስለ ክሊኒኩ የጠየቀችው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የማኅበራችን ምርጫ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፤ እጩዎቹም እንደ ገና ወደ አዳራሹ ይመጣሉ። በዚያ ምሽት እኔ ከኋላ መደዳ ተነሥቼ ጥያቄዋን በቃሏ እደግመዋለሁ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ። እናንተ ግን እጩው «ከዚህ ወስጄ እዚያ አደርጋለሁ» ብሎ ሒሳቡን እስኪያሳየን ድረስ እጃችሁን ለጭብጨባ አታንሡ።

የአርት ፋኩልቲ የ3ኛ ዓመት ተማሪ